ጥፋተኛ ሳይባል የሚያዝና የሚወረስ ንብረት፦ ሕጉ መሻሻል የለበትም ወይ?

የአራዳ እናት (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10)

ጤና ይስጥልኝ። ባለንብረቱ በወንጀል ሳይቀጣ ንብረቱ እንዲወረስ ስለሚፈቅደው የንብረት ማስመለስ አዋጅ እዚህ የሚጻፈውን ስከታተል ከርሜ ዛሬ የራሴን ይዤ መጣሁ። ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

በ2008 ዓ.ም. አንዲት ያገለገለች ሚኒባስ ገዛን። ገንዘቡ ከየት መጣ ብትሉ፣ ሁለት ዓመት የጣልነው ዕቁብ ወጣልን፤ እርሱም አልሞላ ሲል ከእናቴ የወረስኩትን የአንገት ወርቅ ፒያሳ ወስጄ ሸጥኩት። ሊብሬው በባለቤቴ ስም ወጣ። ከፒያሳ መገናኛ ትመላለስ ነበር፤ የልጆቼ የትምህርት ቤት ክፍያ ከእርሷ ነበር።

ባለቤቴ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ውስጥ ይሠራ ነበር። በ2011 ዓ.ም. በመሥሪያ ቤቱ ግዥ ላይ ምርመራ ተከፈተና ከአለቆቹ ጋር እርሱም ተያዘ። በሳምንቱ ሚኒባሷ ታገደች፤ ወደ አንድ ግቢም ተወሰደች። ምርመራው እስኪያልቅ ነው ተባልኩ።

በየወሩ እየሄድኩ አያት ነበር። ዘበኛው ደግ ሰው ስለነበር ያስገባኛል። መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት ትንሹ ልጄ አብሮኝ ነበርና በኋላው መስታወት አቧራ ላይ በጣቱ ስሙን ጻፈ። ክረምቱ አለፈ፤ ከሞተሩ ሥር ሣር በቀለ፤ ጎማዎቹ ከፀሐዩ ብዛት እንደ ደረቀ መሬት ተሰነጣጠቁ። በዓመቱ ስሄድ የልጄ ስም በአዲስ አቧራ ተሞልቶ አይነበብም ነበር።

ባለቤቴ በሁለት ዓመት ከአራት ወሩ መከላከል ሳያስፈልገው በነጻ ተሰናበተ። እግዱ ተነሣ። ሚኒባሷን የተረከብናት በሌላ መኪና አስጎትተን ነው። መካኒኩ ሞተሩን ከፍቶ አየና ለጥገና የምታወጡት ከዋጋዋ ይበልጣል አለን። ለመለዋወጫ ሸጥናት።

እንግዲህ ማንም አልወረሳትም። በወረቀት ብታዩት ሕጉ ሠርቷል፤ ንጹሕ የሆነው ሰው ንብረቱ ተመልሶለታል። እኔ ግን ልጆቼን ከነበሩበት ትምህርት ቤት አውጥቻለሁ። ሌባ አይነካ አላልኩም። የሕዝብ ገንዘብ የበላ ይተፋው። ጥያቄዬ ይኼ ብቻ ነው፦ ፍርድ ሳይሰጥ ንብረት የሚያዝበትና የሚወረስበት መንገድ እንደዚህ ሆኖ ይቀጥል?


የችሎት ሰው (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡35)

እህቴ፣ ልቤ አዘነ። ልደታ አካባቢ ጥብቅና እሠራለሁ፤ እንደ እርስዎ ያለ ታሪክ ለእኔ አዲስ አይደለም።

ብዙ ሰው ማገድንና መውረስን ስለሚያቀላቅል ልለያያቸው። ማገድ ጊዜያዊ ነው፤ ክርክሩ እስኪያልቅ ንብረቱ እንዳይሸጥና እንዳይሸሽ ይደረጋል። መውረስ የመጨረሻው ነው። በድሮው መንገድ ውርስ የሚመጣው ከጥፋተኝነት ፍርድ በኋላ ነበር። በ1996 የወንጀል ሕግ አንቀጽ 419፣ በኋላም በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 አንቀጽ 21፣ ምንጩ ያልታወቀ ንብረት ይዞ መገኘት ራሱ ወንጀል ሆነ፤ ይኸውም የሚመለከተው በዋናነት የመንግሥት ሠራተኛውንና ባለሥልጣኑን ነበር።

አዲሱ የንብረት ማስመለስ አዋጅ ቁጥር 1364/2017 ከዚህ ይሻገራል። ባለንብረቱ ሳይቀጣ፣ በፍትሐ ብሔር ክርክር ብቻ ንብረቱ ሊወረስ ይችላል። የመንግሥት ሠራተኛ መሆንም አያስፈልግም። ገቢና ሀብት አለመመጣጠኑ ከታየ ምንጩን የማስረዳት ሸክሙ ወደ ባለንብረቱ ይዞራል። ወደ ኋላም 10 ዓመት ይሄዳል፤ ገደቡ 10 ሚሊዮን ብር ነው።

የእርስዎ ሚኒባስ ከዚህ ገደብ እጅግ በታች ናት፤ የታገደችውም በቀድሞው ሥርዓት ነው። ያጠፋት ግን ውርሱ ሳይሆን ጥበቃው ነው። ስለ ውርስ ስንከራከር ይኼኛው ይረሳል። ዳኛው እግድ ሲሰጥ በማመልከቻ ነው፤ ሌላው ወገን ሳይሰማ። ከዚያ በኋላ እግዱን ለማስነሣት አንድ ቀጠሮ፣ ሌላ ቀጠሮ፣ የክረምት ዕረፍት። ለንብረት ሦስት ወር ረጅም ነው፤ ለሚኒባስ ደግሞ ሞት ነው።


ጡረተኛው መርማሪ (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡50)

እህቴ፣ የደረሰብዎትን አነበብኩ። አዝናለሁ። ነገር ግን ሌላኛውን ወገን የሚናገር ሰው ከጠፋ ክርክሩ ጎዶሎ ይሆናል፤ እኔ ልናገር።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት በምርመራ ሥራ ኖሬአለሁ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚባልባት ሀገር ናት ይህች። ደመወዙ የቤት ኪራይ የማይሸፍን ሰው በአማቱ ስም አንድ ሕንፃ፣ በእህቱ ልጅ ስም ሌላ፣ በዘበኛው ስም ቦታ ይዞ አይቻለሁ። ምስክሮቹ ይፈራሉ። ሰነዱ ይጠፋል። ሰውየው ቀድሞ ይሰማና ይወጣል፤ ሕንፃው ግን እዚሁ ቆሞ ኪራይ ይሰበስብለታል። እናንተ ጥፋተኛ ሳይባል አይወረስ ስትሉ፣ ያመለጠውና የሞተው ሌባ ሀብቱን ይዞ ይቅር ማለታችሁ ነው። ሬሳ ችሎት አይቀርብም።

የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ሙስና ስምምነት፣ ኢትዮጵያም ያጸደቀችው፣ አባል ሀገሮች ያለ ወንጀል ፍርድ የሚወረስበትን መንገድ እንዲያስቡበት የሚለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ተከሳሹ ሲሞት፣ ሲሸሽ፣ ሲሰወር። እንግሊዝም በ2018 እ.ኤ.አ. የሀብትህን ምንጭ አስረዳ የሚል የፍርድ ቤት ትእዛዝ ጀምራለች። መጀመሪያ የደረሰው የአንድ የአዘርባጃን ባንክ የቀድሞ ኃላፊ ሚስት ላይ ነው። ሴትየዋ ሃሮድስ በሚባለው መደብር ብቻ በአሥር ዓመት 16 ሚሊዮን ፓውንድ አውጥታ ነበር። ባሏ እስር ቤት ነበር፤ እርሷ ለንደን ነበረች፤ ወንጀሉን ለንደን ላይ ማን ያስረዳል? ሀብቱን መጠየቅ ግን ይቻላል።


ባለ ሱቁ (ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡15)

ጋሼ መርማሪ፣ የሃሮድሷን ሴት ማንም አያዝንላትም። እኔ የምፈራው እንደ እኔ ላለው ነው።

መርካቶ ውስጥ ከአባቴ ጋር ጀምሬ ሃያ ስድስት ዓመት ነገድኩ። የሀብትህን ምንጭ አምጣ ብባል ምን አመጣለሁ? የመጀመሪያ መነሻዬ ዕቁብ ነው። የዕቁቡ ዳኛ ሞተዋል፤ ጸሐፊው አሜሪካ ነው፤ ደብተሩ የት እንዳለ እግዜር ይወቅ። ከዘመድ የተበደርኩት በእጅ ነው፤ የመለስኩትም በእጅ። ቤቴን ስገዛ ውሉ ላይ የተጻፈው ዋጋና የከፈልኩት ዋጋ አንድ አይደለም፤ በዚያ ጊዜ ሁሉም እንዲያ ነበር የሚያደርገው። ትክክል ነበር አልልም። ግን ስርቆት አይደለም። አሁን በወረቀቱ ከሄድን ወረቀቱ ይከሰኛል፤ በእውነቱ ከሄድን እውነቱን የሚመሰክር ወረቀት የለኝም።

ደግሞ 10 ሚሊዮን ብር ትልቅ ነው ስትሉ እሰማለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይመራ ሲባል ዶላር 57 ብር ግድም ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ከመቶ አለፈ። መሐል አዲስ አበባ ደህና አፓርታማ ዛሬ ስንት ነው? በብር ተጽፎ የቀረ ገደብ በየዓመቱ ወደ ታች እየወረደ ተራውን ሰው ይደርስበታል። ሕግ ሲወጣ ለትልቅ ዓሣ የተሠራው መረብ፣ ብሩ ሲረክስ ለትንሹ ይጠብባል። ይኼን ማሻሻል ቢያንስ ቀላል ነው፤ ገደቡ በየጊዜው ይከለስ።


ንጹሕ ሕሊና (ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡02)

ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል? ያስረዳ፤ ይመለስለታል። ይህን ያህል ጩኸት አያስፈልግም።


የአራዳ እናት (ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡40)

ወንድሜ፣ ከላይ የጻፍኩትን ጨርሰህ አላነበብከውም። አስረዳን። ተመለሰልን። ባትሪዋ የሞተ፣ ሞተሯ የነከሰ ብረት ተመለሰልን። ባለቤቴ ንጹሕ ነው ብሎ ፍርድ ቤት ፈርዷል፤ ከዚህ በላይ ንጹሕ መሆን የሚቻል ከሆነ ንገረኝ።


የሩቅ ጎረቤት (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡25)

ካዛንቺስ ተወልጄ ላለፉት አሥራ ስምንት ዓመታት የኖርኩት አሜሪካ ነው። እህቴ የጻፉትን ሳነብ የአላባማዎቹ ሁለት ሴቶች ትዝ አሉኝ። የአንዷን መኪና ልጇ ይዞት ሲሄድ፣ የሌላዋን ጓደኛዋ ተውሶ ሲነዳ፣ ፖሊስ ዕፅ አገኘሁ ብሎ መኪኖቹን ወሰደ። ሴቶቹ አልተከሰሱም። መኪኖቻቸውን ለማስመለስ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀባቸው። የጠየቁት ትንሽ ነገር ነበር፦ ዋናው ክርክር እስኪደርስ መኪናችን መያዝ አለበት ወይስ የለበትም የሚለውን አንድ ዳኛ ቶሎ ይስማን። በ2024 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ3 በሆነ ድምፅ ሕገ መንግሥቱ እንዲህ ያለ የተለየ ችሎት አያስገድድም አለ።

እዚያ ክሱ የሚቀርበው በንብረቱ ላይ ነው። የመዝገቡ ርእስ «አሜሪካ በዚህን ያህል ዶላር ላይ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ሰውየውን በማስረጃ መርታት ሲያቅት ብሩን መክሰስ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአንዲት የሚቺጋን ሴት ጉዳይ ነበር፤ ባሏ በጋራ መኪናቸው ውስጥ ከሴተኛ አዳሪ ጋር ተያዘና መኪናው ተወረሰ። በ600 ዶላር የገዙት አሮጌ ፖንቲያክ ነበር። እኔስ ድርሻዬ፣ ምንም የማላውቀው፣ ብትል 5 ለ4 ተፈረደባት። ባሏ ከዳት፤ መንግሥት ደግሞ ካሣ አስከፈላት።

ነገሩ የከፋው ከ1984 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። የፌዴራል ሕጉ የተወረሰው ገንዘብ ለሕግ አስከባሪዎቹ ራሳቸው እንዲውል ፈቀደ። የክልል ፖሊስ ከፌዴራሉ ጋር አብሮ ከሠራ እስከ 80 በመቶ ሊደርሰው ይችላል። የሚወስደውና የሚጠቀመው አንድ ሲሆን ምን እንደሚከተል ለመገመት ሕግ መማር አያስፈልግም። ፊላደልፊያ ውስጥ ልጁ 40 ዶላር የሚያወጣ ሄሮይን ሸጠ ተብሎ ወላጆች ከቤታቸው ወጥተዋል፤ ከተማዋ በክስ ተይዛ በ2018 እ.ኤ.አ. አሠራሯን ለመለወጥ ተስማማች።

የተሻለውንም ልናገር። በ2000 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ የማስረዳት ሸክሙ በፌዴራል ደረጃ ወደ መንግሥት ተመለሰ። ኒው ሜክሲኮ በ2015 እ.ኤ.አ. ያለ ወንጀል ፍርድ መውረስን አስቀረች፤ የሚወረሰውም ወደ ጠቅላላው የክልል ግምጃ ቤት እንጂ ወደ ፖሊስ እንዳይሄድ አደረገች። ኢንዲያና ውስጥ የ42,000 ዶላር መኪና ተወሰደ፤ ለጥፋቱ ትልቁ የገንዘብ ቅጣት 10,000 ዶላር ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2019 እ.ኤ.አ. ከመጠን ያለፈ መቀጮን የሚከለክለው ሕገ መንግሥታዊ ድንጋጌ ክልሎችንም ይገዛል አለ፤ በሙሉ ድምፅ። አሜሪካ ይህን ሁሉ የተማረችው ብዙ ሰው ከተጎዳ በኋላ ነው። እኛ ገና ስንጀምር መማር እንችላለን።


ጡረተኛው መርማሪ (ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡05)

ጥሩ ነገር ጻፍክ፣ ልጄ። አንድ ነገር ብቻ፦ በእኔ ዘመን መርማሪ ከሚያሳግደው ንብረት አንዲት ሳንቲም አይደርሰውም ነበር፤ እኔ ከአንድ ፋይል ከደመወዜ ሌላ ያገኘሁት የጨጓራ በሽታ ነው። ስለዚህ የአሜሪካኑን በሽታ ሁሉ ወደ እኛ አናምጣ። ግን የሚወስደው እጅ ከሚጠቀመው እጅ ይለይ የሚለውን እኔም እፈርምበታለሁ።


የዶሮ ማነቂያ ሽማግሌ (ሐሙስ፣ ከቀኑ 5፡30)

ልጆቼ፣ ሰባ አራት ዓመቴ ነው። የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ፤ እኔ እየተናገርኩ።

«ወረሰ» የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ ቆም ብላችሁ ስሙት። ያቺ ልጅ ከእናቴ የወረስኩት ወርቅ አለች፤ እናንተ ደግሞ መንግሥት ወረሰ ትላላችሁ። በአማርኛችን ልጅም ይወርሳል፣ መንግሥትም ይወርሳል። ልጅ የሚወርሰው ግን ሲሞቱለት ነው። መንግሥት ቁመን ነው የወረሰን።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ በሬዲዮ ሲነበብ አባቴ ቡና እየጠጣ ነበር፤ ስኒውን አስቀመጠና ሁለተኛ አላነሣውም። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። በሃያ ዓመት ሥራ ከምንኖርበት ሌላ ሁለት ቤት ሠርቶ አከራይቶ ነበር። አንዲት መኖሪያ ብቻ ተተወለት። ወር ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች ስለነበር ሁለቱም ለቀበሌ ሆኑ። በዚያ ቀን ስንት ሺህ ደሳሳ ቤት ያለው ደሀ ኪራዩ ቀነሰለት፤ ይህንንም አልክድም፣ ደስ ያለው ሰው ብዙ ነበር። ግን አባቴን የት አመጣኸው ብሎ የጠየቀው አልነበረም። ልብስ ሰፊም ሁን፣ ባላባትም ሁን፣ አዋጁ አንድ ነበር።

በኋላ በ1987 ከአዋጅ ውጭ የተወሰደ ንብረት የሚታይበት ሕግ ወጣ፤ አዋጅ ቁጥር 110። አባቴ ወረቀቱን በፌስታል ይዞ ሄደ። የእርሱ ግን በአዋጅ የተወሰደ ነውና አይመለከተውም ተባለ። ያለ ሕግ የተቀማ ሊመለስለት፣ በሕግ የተቀማ እንዲቀርበት፤ ይኼንን አባቴ እስኪሞት አልገባውም። እኔም እስካሁን አልገባኝም።

ደግሞ ከዚያ በፊት አያቴ ስለ ሌባ ሻይ ይነግረን ነበር። ለአንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡና ይለቁታል፤ ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ዕዳውን ይከፍላል። ማስረጃው ልጁ መውደቁ ነው። መርማሪው ወንድሜ፣ አንተን ከዚያ ጋር አላመሳሰልኩህም። የእኔ ፍርሃት ግን ከዚያ ነው የሚነሣው።


የስድስት ኪሎ ተማሪ (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡15)

አባቴ፣ ስላካፈሉን አመሰግናለሁ። የሕግ ተማሪ ነኝ፤ የመመረቂያ ጽሑፌ በዚሁ ጉዳይ ላይ ነው። የችሎት ሰውን ልጠይቅ፦ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 22 የወንጀል ሕግ ወደ ኋላ አይሠራም ይላል፤ በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ እስኪባል ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት አለው። ታዲያ 10 ዓመት ወደ ኋላ መሄዱ እንዴት ይታረቃል?


የችሎት ሰው (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡50)

መልሱ አንድ ቃል ነው፦ ፍትሐ ብሔር። ይህ ቅጣት አይደለም፣ የንብረት ክርክር ነው ይባላል፤ ስለዚህ የወንጀል ተከሳሽ መብቶች አይነሡም። በጽሑፍ ያስኬዳል። ሰው ግን ቤቱን ሲነጠቅ ቅጣት ነው ወይስ ክርክር ብሎ አይለይም። ስለዚህ እኔ የምለው፣ ስሙ ፍትሐ ብሔር ከሆነ የፍትሐ ብሔር ጥቅሙንም ስጡት። ባለንብረቱ በቀናት ውስጥ ይሰማ። በቅን ልቦና የገዛ፣ ሚስት፣ የጋራ ባለቤት ድርሻቸው ከመጀመሪያው ቀን ይለይ። መንግሥት ከተረታ ኪሣራ ይክፈል፤ በማንኛውም የፍትሐ ብሔር ክርክር የተረታ ይከፍላል አይደል?

የአራዳ እናት፣ የእርስዎን አስቤበት ነበር። ከውል ውጭ ኃላፊነት የካሣ ክስ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 መሠረት በሁለት ዓመት ይርጋ ይታገዳል። መኪናዋን ከተረከባችሁ ይህ ጊዜ አልፏል። ተስፋ ልሰጥዎት አልፈልግም። ሕጉ ሲሻሻል ካሣ በራሱ የሚከፈልበት አንቀጽ ያስፈልጋል የምለው ለዚህ ነው፤ ከእስር የወጣ ባል፣ ከትምህርት ቤት የወጡ ልጆች ያሉት ቤተሰብ በሁለት ዓመት ውስጥ መንግሥትን ለመክሰስ አቅሙም ልቡም የለውም።


ጡረተኛው መርማሪ (ዐርብ፣ ከጠዋቱ 12፡40)

ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። አንድ ነገር ካልጻፍኩ ዕረፍት የለኝም።

ተሽከርካሪ ሲታገድ ግቢ ገብቶ መቆም የለበትም። ባለቤቷ እንዳትሸጥ፣ እንዳትለውጥ፣ ስም እንዳታዛውር ታግዳ፣ መኪናዋን ግን እየነዳች እንድትጠብቅ ማድረግ ይቻላል። ሊብሬው ላይ እግድ ከተመዘገበ የት ትሸሻለች? ወይም አስተዳዳሪ ተሹሞ ይሠራል፣ ገቢው በዝግ ሒሳብ ይቀመጣል። የሚበላሽ ከሆነ ደግሞ በጨረታ ተሸጦ ገንዘቡ ይጠበቃል። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። በሥራ ዘመኔ ግን መኪና ግቢ ይግባ የሚል ደብዳቤ ስንት ጊዜ እንደፈረምኩ አላስታውስም። ቀላሉ እርሱ ነበር። ባለቤቶቹ ሲመጡ በመስኮት አያቸው ነበር፤ ጨርቅ ይዘው የሚመጡ ነበሩ፣ መስታወት የሚጠርጉ።

አሁንም ሌባው ሀብቱን ይዞ እንዳይቀር አዋጁ ያስፈልጋል እላለሁ፤ ከዚህ አልመለስም። ግን እግድ የሚጠይቅ መርማሪ ንብረቱ የት፣ በማን፣ እንዴት ይጠበቃል የሚለውን ከማመልከቻው ጋር ጽፎ ካላቀረበ ዳኛው አይቀበለው። ይህ አንድ አንቀጽ ቢጨመር ብዙ ነገር ይተርፋል። እህቴ፣ የእርስዎን ደብዳቤ የፈረምኩት እኔ እንዳልሆንኩ በምን አውቃለሁ? ይቅር ይበሉኝ።


ባለ ሱቁ (ዐርብ፣ ከጠዋቱ 3፡20)

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርዎት። እኔም ከዛሬ ጀምሮ የዕቁባችን ጸሐፊ ደብተሩን በየሳምንቱ በፊርማና በቀን እንዲይዝ አደርጋለሁ። የዕቁቡን ዳኛ አሳምኛለሁ።


የስድስት ኪሎ ተማሪ (ዐርብ፣ ከቀኑ 9፡10)

የአራዳ እናት፣ ፈቃድዎ ከሆነ ሰነዶችዎን ለጽሑፌ ባያቸው ደስ ይለኛል። ስምዎ አይጠቀስም። እግዱ መቼ እንደተሰጠ፣ መቼ እንደተነሣ፣ በመካከል ስንት ቀጠሮ እንደነበረ ማየት እፈልጋለሁ። እንዲህ ያለ መዝገብ ከባለቤቱ እጅ ማግኘት ከባድ ነው።


የአራዳ እናት (ዐርብ፣ ከምሽቱ 3፡00)

ጋሼ መርማሪ፣ እርስዎ ይሁኑ አይሁኑ እኔም አላውቅም። ይቅርታዎን ግን ተቀብያለሁ፤ እስከዛሬ ይቅርታ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ለባለቤቴ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማና ደግመሽ አንብቢው አለኝ።

ልጄ፣ እሰጥሻለሁ። የእግዱን ትእዛዝ ግልባጭ፣ የቀጠሮ ወረቀቶቹን፣ የዕቁቡን ደብተር፣ ወርቁን ስሸጥ የተሰጠችኝን ቁራጭ ወረቀት ሁሉንም በአንድ ፖስታ አድርጌአለሁ። ሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የካቲት 12 ሐውልት ፊት ለፊት እጠብቅሻለሁ፤ ነጭ ነጠላ ለብሻለሁ። ሊብሬውንም አመጣዋለሁ። ለመለዋወጫ ስለተሸጠች የጠየቀን አልነበረም፤ እስካሁን መሳቢያ ውስጥ ነው።